የአባቴ ሽንት የት ገባ?

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምት መውጫ ላይ ነው። ዛሬ ባስታወስኩት ቁጥር ብቻዬን ያስቀኛል፤ ያን ሰሞን ግን ዓይኔ ከእንባ አልደረቀም ነበር።

አባቴ ሰቆጣ ከተማ በአንድ ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። ለተዝካር ቆላ፣ ኒሯቅ ወርደው ሲመለሱ ወባ ክፉኛ ጣላቸውና ኩላሊታቸው በድንገት ሥራ አቆመ። ሪፈር ተጽፎልን ራቅ ካለ ከተማ፣ ትልቅ ሆስፒታል ገባን። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝተው፣ በአንገታቸው በገባ ቱቦ ደማቸው በየሁለት ቀኑ በማሽን ይታጠብ ጀመር። አስታማሚያቸው እኔ ነበርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ነፍስ ዘሩና ወደ ተራ ክፍል ተዛወሩ፤ ተደግፈው መራመድም ጀመሩ። ሐኪሙ የሽንት ቱቦውን አስወጣና እንዲህ አለኝ፦

«እጥበቱን ለጊዜው አቁመን ኩላሊታቸው መንቃቱን እንይ። እስከ ነገ የሚሸኑትን በሙሉ በዚህ ጆግ አጠራቅሚ። በቂ ከሆነ ከማሽኑ ይላቀቃሉ፤ ካልሆነ እንቀጥላለን።»

ጆጉን እንደ ስለት ዕቃ በሁለት እጄ ተቀበልኩት። አልጋው ሥር አስቀምጬ አሥሬ ጎንበስ እያልኩ አየሁት። በማግስቱ የተገኘው ግን አንድ ሲኒ እንኳ አይሞላም። የደም ምርመራው ገና አልደረሰም ነበር። ነርሷ ማሽኑን እየገፋች መጣች።

አጠገባችን ወንድማቸውን የሚያስታምሙ አቶ ምስጋናው የሚባሉ፣ ከአምደወርቅ የመጡ ገበሬ ነበሩ። ማሽኑን ሲያዩ መቀመጥ አቃታቸው። አንዴ አባቴን፣ አንዴ ነርሷን አዩና፣

«አባታችን ይፍቱኝ፤ አደራዎን ልበላ ነው» አሉ። «ሲስተር፣ እኝህ ሰው ከትናንት ጀምሮ ስድስቴ ሽንት ቤት ደርሰዋል። ልጅቱ ለመድኃኒት፣ ለምግብ ስትወጣ እየጠበቅን፣ ደግፌ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ለልጄ እንዳትነግር ብለውኝ ነው።»

አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ኧረ አባ፣ ለምን?» አልኳቸው።

«ዳዊቴና መስቀሌ ትራሴ ሥር እያሉ እዚሁ ልሽና? ደግሞስ አንቺ ተሸክመሽው ስትዞሪ ልይ? ባዶ ሆኖ እንዳትከፊ ብዬ ጥቂት ጥቂት ጠብ አድርጌልሻለሁ።»

ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር፤ ነርሷ ቀድማ ስትስቅ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ፣ ማሽኑም ወደ ቦታው ተመለሰ። ጆጉ ሽንት ቤት እንዲቀመጥ ተደረገ፤ ጠባቂው አቶ ምስጋናው ሆኑ። በማግስቱ ከአንድ ሊትር ተኩል አለፈ። የደም ምርመራውም ከቀን ወደ ቀን ተሻሻለ። የአንገታቸው ቱቦ የወጣ ዕለት ራሴን መቆጣጠር አቅቶኝ እልል አልኩ። በሽተኛ ትረብሻለሽ ብለው ተቆጡኝ፤ አቶ ምስጋናው ግን ድምፅ ሳያሰሙ አጨበጨቡልኝ። እኚያን ሰው ዕድሜ ልኬን አልረሳቸውም።

አሁን አባቴ ደብራቸው ተመልሰው ይቀድሳሉ። ማለዳ ወደ ጓሮ ሲወጡ ኮቴያቸውን ስሰማ፣ ከአልጋዬ ሳልነሳ «ተመስገን» እላለሁ። ይህን ለአንባቢ መጻፌን የሰሙ ዕለት ግን ወዮልኝ።