ለአንዲት ክፍል መልስ ፍለጋ፦ ከሱሉልታ ወደ ሰበታና ቡራዩ

ቅዳሜ ማለዳ 12፡00፣ ሱሉልታ

ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነሳም። ጉሙ ውስጥ ቱታ የለበሱ ሯጮች ብቅ ብለው ይጠፋሉ። አጠገቤ የተቀመጡት ኦቦ ገመቹ የትምህርት ቤታችን የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው፤ እኔ ጸሐፊዋ ነኝ። እሳቸው ላሞች አሏቸው፣ ወተት ያስረክባሉ። እኔ የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ዛሬ ሁለታችንም ሥራችንን ለሰው አደራ ብለን ወጥተናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን ወላጆች ድንጋይ ተሸክመን፣ ቆርቆሮ አዋጥተን፣ አናጢዎቻችን በነጻ ሠርተው ለመንግሥት ትምህርት ቤታችን አንድ ሰፊ ክፍል አቆምን። ልስኑ ሳይደርቅ ጭቅጭቁ ተጀመረ። ግማሾቻችን ቤተ መጻሕፍት ይሁንና ልጆቹ ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ይዘጋጁበት አልን። የቀሩት ወርክሾፕ ይሁን፣ እጃቸው ሙያ ይልመድ አሉ። እኔ የቤተ መጻሕፍት ሰው ነኝ፤ አስራ አንደኛ ክፍል የደረሰች ልጅ አለችኝ። ኦቦ ገመቹ የወርክሾፕ ወገን ናቸው። ስብሰባው ሁለት ጊዜ በጩኸት ከተበተነ በኋላ፣ "ሁለታችሁ ሂዱና የሰበታውን ወርክሾፕና የቡራዩን ቤተ መጻሕፍት አይታችሁ ኑ" ተባልን።

"ዛሬ ወርክሾፑን ስታዪ ትረቺያለሽ" አሉኝ ኦቦ ገመቹ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ።

"አንቱስ ቤተ መጻሕፍቱን ሲያዩ ምን ይሉ ይሆን?"

ሳቁ። መኪናው ተነሳ።

3፡00፣ ሰበታ

አዲሱ ገበያ ወርደን ታክሲ ቀየርን፤ አየር ጤና ላይ ደግሞ ሌላ። ከዓለም ገና በኋላ መንገዱ የጭነት መኪና ብቻ ነው። ፈረቃ የጨረሱ የፋብሪካ ሴቶች እያዛጉ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። አንዲት ጠባብ ቤት ገብተን ፉል በትኩስ ዳቦ በላን።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ኦቦ ገመቹ "አካም ቡልተን!" ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ ሲሉ ዘበኛው እንደ ዘመድ ተቀበላቸው። ወርክሾፑ ከጓሮ ነው። ብየዳ ይንጣጣል፤ በአንድ ጥግ የስፌት መኪናዎች ተደርድረዋል። ፋብሪካ የሚሠሩ ወላጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ያስተምራሉ። ኃላፊው መምህር፣ ከዚህ የወጡት ብዙዎቹ ሥራ ይዘው ቤተሰብ እንደሚረዱ ነገረን። ኦቦ ገመቹ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ።

አንዲት ተማሪ የመስኮት ፍሬም በይዳ ስትጨርስ መነጽሯን ገፍታ ቀና አለች። ስሟ ብርቱካን ነው።

"ጎበዝ የኔ ልጅ! እንዲህ ነው እንጂ!" አሏት ኦቦ ገመቹ።

"አመሰግናለሁ አባባ። ግን እኔ መርጬው አይደለም።"

"ታዲያ?"

"ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ከበደኝ። 'አንቺ ወርክሾፕ ይሻልሻል' አሉኝ መምህራኑ። ከዚያ ወዲህ ሒሳብ የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም።" ጓንቷን አወለቀች። "ነርስ መሆን ነበር የምፈልገው።"

መምህሩ አልተቆጣትም። "እውነቷን ነው" አለን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ወደዚህ የምንልከው፣ ሌላው አይሆንለትም ያልነውን ልጅ ነው።"

ኦቦ ገመቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ታክሲው ቀደሙኝ።

7፡00፣ ቡራዩ

በዊንጌትና በአስኮ አድርገን ቡራዩ ስንደርስ ፀሐዩ ከርሯል። ቤተ መጻሕፍቱን ሳየው ልቤ ሞቀ። ወላጆች ከአሮጌ ጣውላ የሠሩት መደርደሪያ፣ በሰው የተሞላ አግዳሚ ወንበር፣ የእርሳስ ድምፅ ብቻ። የእኛም ክፍል እንዲህ ሊሆን ነው፣ ልጄም እንዲህ አቀርቅራ ልታጠና ነው ብዬ አሰብኩ።

ማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጠው ዳዊት የሰፈሩ ልጅ ነው፤ በሲቪል ኢንጂነሪንግ ተመርቋል። በነጻ ነው የሚያስተምረው። አመሰገንኩት።

"ምን ሥራ አለኝ ብለው ነው?" አለኝ። ወደ ውጭ ይዞን ወጣ። "እዚችው ወንበር ላይ አጥንቼ ነው ያለፍኩት። ስመረቅ ሰፈሩ በሙሉ እልል አለልኝ። ያ ሁሉ ሰው አሁን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ 'ሥራ ያዝክ?' ይለኛል። እንዳያገኙኝ በጓሮ በኩል ነው የምመጣው።"

"ልጆቹን ታዲያ ምን ትላቸዋለህ?"

"አጥኑ እላቸዋለሁ። ከፈተናው በኋላ ስላለው ሲጠይቁኝ፣ 'ሰዓት አልቋል' ብዬ እወጣለሁ።"

እንደ ወንድሜ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ ተሰናበትኩት።

9፡30፣ ወደ ሱሉልታ

ሚኒባሱ እንጦጦን እያቃሰተ ይወጣል።

"ቤተ መጻሕፍት ነው የሚያስፈልገን" አሉ ኦቦ ገመቹ ድንገት። "ያቺ ልጅ አንድ የሚያስረዳት ሰው አጥታ ነው የቀረችው።"

"የለም፣ ወርክሾፕ ነው። ዳዊት እጁ ላይ አንድ ሙያ ቢኖር ኖሮ በጓሮ አይመላለስም ነበር።"

"ጠዋት እኮ ቤተ መጻሕፍት ስትዪ ነበር!"

"አንቱስ?"

ሾፌሩ በመስታወቱ አየን። "ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እየተከራከራችሁ ነው ወይስ እየተስማማችሁ?"

ተያይተን ሳቅን። እውነት ለመናገር አናውቀውም ነበር።

11፡00፣ የትምህርት ቤታችን ግቢ

ወላጆች ዛፍ ሥር ተሰብስበው ጠበቁን። ኦቦ ገመቹ የብርቱካንን ነገር አንስተው ለቤተ መጻሕፍት ተከራከሩ፤ እኔ የዳዊትን አንስቼ ለወርክሾፕ። የእሳቸው ወገኖች አኮረፉ፤ የእኔዎቹ "ምን አቅምሰው መለሱሽ?" አሉኝ። አንዱ ክፍሉን በኮምፔርሳቶ ግድግዳ ለሁለት እንክፈለው አለ። ሌላው፣ መዶሻ እየተመታ ማን ያነባል ብሎ ጮኸበት።

ከወላይታ መጥተው ውኃ ፋብሪካ የሚሠሩት ወይዘሮ አስቴር እጃቸውን አወጡ። በስብሰባ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

"ሰበታ ድረስ ሄዳችሁ የሌላ ሰው ልጅ ጠየቃችሁ። ደግ አደረጋችሁ። የእኛዎቹንስ ማን ጠየቀ?"

ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። የሦስት ልጆች አባት ናቸው።

መጨረሻ ላይ ለየቤቱ አንድ አንድ ወረቀት ታደለ። እያንዳንዱ ወላጅ ልጁን ጠይቆ፣ የልጁን ቃል ብቻ ጽፎ ያመጣል። እስከዚያ ክፍሉ አይከፈትም።

አመሻሽ፣ ቤት

ልጄ ሊያ የትምህርት ቤት ልብሷን ታጥባለች። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አጠገቧ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

"ሊያ፣ ምን መሆን ነው የምትፈልጊው?"

"ዶክተር" አለች ቀና ሳትል። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የምትለው ነው።

ወረቀቱን አሳየኋት። "ይኼ ለኮሚቴው ነው። ያንቺ ቃል ብቻ ነው የሚጻፍበት።"

እጇ አረፋው ውስጥ ቆመ። "እማ፣ ዶክተር የምልሽ አንቺን ደስ ስለሚልሽ ነው። እኔ እንጃ። አላውቅም።" ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ጥፋት እንደሠራ ሰው።

ጠዋት የወጣሁት ለእሷ የሚሆነውን ስለማውቅ ነበር። አሁን ደግሞ ምን ብዬ እንደማጽናናት እንኳ አላውቅም። እስክሪብቶ አወጣሁና ጉልበቴ ላይ ጻፍኩ፦ "ሊያ፣ ገና አልወሰነችም።"

እጇን በቀሚሷ አድርቃ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ደጋግማ አነበበችው።

"'ገና' የምትለዋን እንዳትሰርዢያት" አለችኝ።