ሰው ያልቆመበት ሰልፍ

ዐፊፋ ዘይኑዲን የጥናት ሥራ ከእኔ በላይ ታውቅ ነበር። ይህን ለማመን ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

በ1975 ዓ.ም. አምስት ኪሎ አጠገብ ባለች ባለሁለት ክፍል ቢሮ ውስጥ የከተማ ነዋሪ ቀኑን በምን በምን እንደሚያሳልፍ አጠና ነበር። ከውጭ አገር የተመለስኩት በአንድ ዲግሪ፣ በአንድ ቡናማ ቦርሳና ልክ በሌለው ኩራት ነው። ዐፊፋ ደግሞ መጠይቅ እንድታስሞላልኝ የተቀጠረች ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበረች። አባቷ ከወሎ መጥተው ፒያሳ የቀሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። እሷ እዚያው አራዳ ተወልዳ፣ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምራ፣ ስምንት ዓመት ሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት ስትቆርጥ ኖራለች። አንድም ፊልም ተቀምጣ ጨርሳ አታውቅም። «መጨረሻውን ከሚወጡት ሰዎች ፊት ነው የማውቀው» ትላለች። እኔ ይህን የሰማሁት ሠራተኛ ስቀጥር ነበርና፣ ሞኙ፣ እንደ ቀልድ ቆጥሬ አለፍኩት።

ዶክተር ትለኛለች። ዶክተር አልነበርኩም፤ እንዳልሆንኩም በደንብ ታውቃለች።

አንድ ቀን ስኳር መጣ ሲባል፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ወዳለው የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሄድን። ሰልፉን ራሴ ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ሰው። ቀኑንና ሰዓቱን ጨምሬ በማስታወሻዬ ላይ በጥንቃቄ ጻፍኩት። ዐፊፋ በትከሻዬ በኩል አየችና ከንፈሯን ነከሰች።

«ስልሳ ሁለት ናቸው ዶክተር።»

«የታሉ?»

«ያቺ ቀዳዳ ጣሳ የአራት ልጆች እናት ናት፤ ልጆቿን አብልታ ትመጣለች። ያ ጡብ ዘበኛ ነው፤ ፈረቃው እስኪያልቅ ነው። ያ አንድ እግር ጫማ ደግሞ ወገባቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ፀሐይ ስትወጣ ነው የሚነሡት።»

ለካስ በሰዎቹ መካከል መሬት ላይ የተደረደረው ድንጋይ፣ ቅርጫትና ጣሳ ሁሉ ተሰላፊ ኖሯል። እኔ ቆሻሻ መስሎኝ ተራምጄው አልፌያለሁ። አንዱን ድንጋይማ በጫማዬ ገፋ አድርጌ ያስቀመጠችውን ሴት ከአምስተኛ ወደ ሰባተኛ ዝቅ አድርጌያታለሁ፤ ዐፊፋ ጎንበስ ብላ መለሰችልኝ።

ዕቃዎቹን መጠየቅ አለብን አለች፤ ማለትም ባለቤቶቻቸውን። ቀላል አልነበረም። ሱቁ በር ላይ «ዕቃ አስቀምጦ ተራ መያዝ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ የተገኘበት ሰው የራሽን ካርዱ ለአንድ ወር ይያዛል። ስለዚህ ዐፊፋ ለእያንዳንዳቸው ቃል ገባች፤ ስምሽን አልጽፍም፣ ለማንም አልናገርም፣ ወላሂ። በስም ፋንታ ዕቃውን ጻፈች፦ ቁጥር ሦስት፣ ቀዳዳ ጣሳ። ቁጥር ዘጠኝ፣ ጎኑ የተሰነጠቀ ጡብ። አርባ ሦስቱም አመኗት። እኔ ብጠይቃቸው ኖሮ ደኅና ነን፣ ሁሉም ሙሉ ነው ብለው ይሸኙኝ ነበር።

ከዚያ ነገሩን ያበላሸሁት እኔው ነኝ። የትብብር ደብዳቤ ለሰጠን ቀበሌ ውጤቱን ማስረዳት ነበረብኝ፤ በትልቅ ወረቀት ላይ በቀይና በሰማያዊ ቀለም ሠንጠረዥ ሥዬ አዳራሹ ውስጥ ሰቀልኩ። «ከስልሳ ሁለት ተሰላፊዎች መካከል አርባ ሦስቱ ዕቃ ናቸው!» ብዬ ጭብጨባ ጠበቅሁ። ሊቀመንበሩ ጓድ ገብረዮሐንስ ግን እስክሪብቶ አወጣ።

«የማን የማን ናቸው?»

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የሚሮጥ ሰው ነበር። ማስታወቂያው ግን የራሱ ፊርማ ነበረበት። ዝርዝሩ እስከ ዓርብ እንዲመጣ፣ ካልመጣ ግን ደብዳቤያችን እንደሚሰረዝ ነገረኝ። ደብዳቤው ከተሰረዘ ጥናቱም የዐፊፋም ሥራ አለቀ።

ቢሮ ስንመለስ የተናገርኩትን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ብያለሁ። «ጥቂት ስም ብንሰጠውስ?»

«ስንት?»

«አምስት ስድስት ቢሆን።»

መጠይቆቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋቻቸው። «ይምረጧቸው ዶክተር» አለችኝ። አንዱን አነሣሁ፣ መለስኩት። ሌላ አነሣሁ። መምረጥ አቃተኝ። ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አብረን ሄድን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

«ስሞቹስ?» አለ ጓድ ገብረዮሐንስ ዐፊፋ ያቀረበችለትን መጠይቆች እያገላበጠ።

«አልጻፍኳቸውም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ታውቂያቸዋለሽ ግን።»

«አውቃቸዋለሁ።»

«እሺ፣ ንገሪኝ።»

«ቃል ሰጥቻለሁ። ካርድ መያዝ ካለብዎ የእኔን ይያዙ።»

እኔ በመሐላቸው ጉሮሮዬን ጠራረግሁ፤ ከዚያ ያለፈ አስተዋጽኦ አላደረግሁም። ሊቀመንበሩ ተናደደ። ራሴ አገኛቸዋለሁ ብሎ መጠይቆቹን አንድ በአንድ ያነብ ጀመር። ጫማው ላይ ሲደርስ ሳያስበው ሳቀ፤ ሽማግሌው «ጫማዬ ከእኔ ይልቅ ትዕግሥት አለው» ብለው ነበር። አሥራ አራተኛው ላይ ግን ንባቡ ቆመ።

እኔም ያንን ወረቀት በቃሌ አውቀዋለሁ። ቁጥር አሥራ አራት፣ እጀታው የተሰበረ የከሰል ካውያ። እጀታውን የሰበረው ስብሰባ ረፈደብኝ ብሎ ሲጣደፍ የጣለው ባሏ ነው። ሰልፍ ባይኖር ይህን ሰዓት በምን ያሳልፉት ነበር ለሚለው ጥያቄ ሴትዮዋ እንዲህ ብላለች፦ «ከባሌ ጋር። እሱ ከስብሰባ ሲገባ እኔ ተኝቻለሁ፤ እኔ ለሰልፍ ስነሣ እሱ ተኝቷል። የምንተያየው ግድግዳው ላይ ባለው የሠርግ ፎቶግራፍ ነው።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። ጆሮው ድረስ ቀላ። ካውያው የማን ቤት ካውያ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የሊቀመንበር ሚስት እንደማንኛውም ሰው ተሰልፋ ስኳር ትወስዳለች ብሎ ማን ይጠረጥራል? ዐፊፋ ግን ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር፤ ለእኔ እንኳ ትንፍሽ አላለችም። አሁንም ዓይኗን ከወለሉ ላይ አላነሣችም።

«ይቺ አሥራ አራት ቁጥር...» አለ ሊቀመንበሩ፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለ። «ይህን ስትነግርሽ ትስቅ ነበር?»

«እሱን አልነግርዎትም» አለች ዐፊፋ። ቀጥላም በለሆሳስ፣ «ራሷን ቢጠይቋት ይሻላል» አለችው።

ጓድ ገብረዮሐንስ ወረቀቶቹን መለሰላት። ባርኔጣውን ከመስቀያው አነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ለጸሐፊው «የዛሬው ስብሰባ ለነገ ተላልፏል» አለና ወጣ። በመስኮቱ አየሁት፤ ወደ ቤቱ በሚወስደው ቁልቁለት ሮጥ ሮጥ ይል ነበር።

ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። ዐፊፋን ላቅፋት ምንም አልቀረኝም። ዞር ስል ወረቀቶቹን ለመሰብሰብ ትታገላለች፤ አንዱን ስትይዝ ሌላው ይወድቅባታል። ያን ያህል ፈርታ እንደነበር እስከዚያች ደቂቃ አልታወቀኝም። ጎንበስ ብዬ ላነሣላት ስል እጄን ያዘችኝ።

«ይተዉት ዶክተር» አለች እየሳቀች፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ። «እርስዎ ተራቸውን ያዛቡባቸዋል።»