ስሟ «ውጪ» ነው

ልብስ ሰፊውን ሰፈርተኛው «አባ ቁጣ» ይላቸዋል። ወዶ አይደለም። ሱሪ ለማሳጠር የመጣውን ሁሉ «ሱሪው መች ረዘመ፣ አንተ ነህ እንጂ ያጠርከው!» ብለው ነው የሚቀበሉት። ስፌታቸው ግን አንጀት ያርሳልና ሰው ስድባቸውን ችሎ ይመለሳል።

ድመታቸው ገና ግልገል ሳለች ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ ውስጥ ተገኘች። የነካትን ሁሉ ትቧጭር ነበር። ሊቆረጥ የተዘረጋ ጨርቅ ላይ በወጣች ቁጥር አባ ቁጣ «ውጪ!» ብለው ይጮሁባታል፤ እየጮሁም ያነሷትና ጆሮ ግንዷን በአውራ ጣታቸው እያሹ ጭናቸው ላይ ያስቀምጧታል። አንድ ቀን እንኳ ደጅ አውጥተዋት አያውቁም። ውላ አድራ ከደንበኛ ሁሉ ጋር የምትተሻሽ፣ ሰው ወዳድ ድመት ሆነች።

ለአንድያ ልጃቸውም አመላቸው ያው ነው። ከሥራ መልስ ጎራ ስትል «ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ሂጂ ወደ ቤትሽ!» ይሏታል። እሷ የምር ይመስላትና ቅር ብሏት ትሄዳለች። አባት የስፌት መኪናቸውን አቁመው፣ መታጠፊያው ጋ እስክትሰወር በመስኮት ያዩዋታል። «ቆዪ እንጂ ልጄ» የምትለው ቃል ምላሳቸው ላይ አለች፤ ግን ወይ ፍንክች! እየቆየ የልጅቷ እግር አጠረ።

አባ ቁጣ ሆዳቸውን ታመው ቀዶ ጥገና ሲደረግላቸው ድመቲቱን ልጅቷ ወሰደቻት። አንድ ቀን ፊቷ ጠቁሮ ሆስፒታል መጣች።

«ድመቷ ልትሞትብን ነው አባዬ! አልጋ ስር ገብታ አልወጣም አለች። እህል አትቀምስ፤ እጄን ብሰድ ቧጨረችኝ።»

«ምን ብለሽ ጠራሻት?»

«ሚሚዬ፣ ነይ የኔ ቆንጆ...»

አባ ቁጣ የተሰፋ ሆዳቸውን ደግፈው ሳቁ። «ሚሚን የት ታውቃትና! ‹ውጪ!› በያት፣ ጮክ ብለሽ። ስትመጣ ጆሮ ግንዷን እሺያት።»

«ታማ ልቆጣት?»

«ምን ቁጣ አለው፣ ስሟ እኮ ነው!»

በማግስቱ ልጅቷ እየሮጠች ገባች። «ወጣች አባዬ! አንዴ ብጮህባት ወጥታ ጭኔ ላይ ተኛች። በላችም!»

አባ ቁጣ እንባቸው መጣ። እንዳይታይባቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ሂጂ ወደ ቤትሽ!»

ልጅቷ እንደ ልማዷ ቦርሳዋን አነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

«እሺ አባዬ» አለችና ተመልሳ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠግታ ተቀመጠች።