የካሮት ቅጠል

ደብረ ማርቆስ ገበያ ካሮት ስገዛ ሻጯ "ቅጠሉን ልቁረጥልሽ?" አለችኝ። የቅጠሉ ሽታ ልጅነቴን አስታወሰኝ።

ልጅ ሳለሁ ጥንቸል ነበረችኝ። የንስሐ አባታችን ቤታችን መጥተው አዩዋትና እናቴን "ርኩስ ናት፤ ነገ ከቤት ትውጣ" አሏት። እያለቀስኩ የድንች ቅጠል ላበላት ስል ግን እጄን ያዙኝ።

"ተይ ልጄ፣ ይሄ ይገድላታል። የካሮት ቅጠል ስጫት።"

"ትውጣ አላሉም እንዴ፣ አባ?"

"ብያለሁ" አሉና ከጓሯችን የካሮት ቅጠል ቀንጥሰው በእጃቸው አበሏት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጥንቸሌ የለችም። እናቴ "አባ ጫካ ሊለቋት ወሰዷት" አለችኝ። በሳምንቱ ከገበያ ሲመለሱ ከጋቢያቸው ሥር የካሮት ቅጠል ብቅ ብሎ አየሁ። ለማን እንደሆነ ልጠይቃቸው አፈርኩ። ዛሬ እሳቸውም የሉም።

"ቅጠሉ ይኑር" አልኳት ሻጯን።

"ጥንቸል አለሽ እንዴ?" ብላ ሳቀች።

ካሮቱን ተቀብዬ ቅጠሉን ከነጠላዬ ሥር ሸጎጥኩት።