የላክሙ የሰም አልቦ

ላክሙ በብርዱ ወራት ሲሞት ከሰም የሠራው አንድ አልቦ ውሃ በሞላው ገንቦ ውስጥ ቀረ። ጥንዱን ሊሠራለት አስቦ ነበር፤ አልደረሰም። ሚስቱ ሱክዳይ ውሃውን በየማለዳው ትለውጣለች። ሙቀት ካገኘው ሰም ቅርጹን ይስታል።

በኮንዳጋኦን ከተማ፣ በናስ ሠሪዎቹ ሰፈር፣ ሴቷ ሰሙን ከሙጫ ጋር አሽታ እንደ ክር ታወጣዋለች፤ ወንዱ ክሩን በጭቃ ቀለበት ላይ ይጠመጥማል። ሱክዳይና ላክሙም ዕድሜያቸውን እንዲህ ፊት ለፊት ተቀምጠው ፈጁት። ልጅ አልነበራቸውም።

የሞህዋ ዛፍ አበባ መርገፍና ሙቀቱ መክረር ሲጀምር የላክሙ ታናሽ ወንድም ጋሲያ መጣ። የሴት ልጁ የፉልመቲ ሠርግ ደርሷል፤ አልቦው የተጀመረውም ለእሷ ነበር።

"እትዬ፣ ያን አልቦ መቼ ነው እሳት የምናስገባው?"

"ከገበያ ግዛላት።"

"ቤት ውስጥ የተጀመረ እያለ? አማቶቿ ምን ይሉኛል?"

"ቆንቋና ይሉሃላ። ድሮስ ምን ሲሉህ ነበር?"

ጋሲያ ሳቀ። ያቀረበችለትን የማሽላ አጥሚት ጠጣና ጎድጓዳውን ሳህን መሬት አስቀመጠ።

"ለእኔም ወንድሜ ነው። ግን አንቺ ብትሳሽለት ፀሐዩ አይሳሳለትም።"

እሱ ከሄደ በኋላ አልቦውን ከውሃው አወጣችው። ክሮቹ በሚገናኙበት ላይ የላክሙ አውራ ጣት ምልክት አለ። በጭቃ ተለብጦ እሳት ከገባ ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፤ በቦታው የሚገባውም ናስ በሞረድ ይጸዳል፤ ምልክቱ አብሮ ይሄዳል። ይህን ለማንም አልነገረችም። ሰው ለአንድ የጣት አሻራ እንዲህ ይሆናል ወይ ብሎ እንዲስቅባት አልፈለገችም።

በማግስቱ ውሃውን ስትለውጥ አንዱ ክር ወደ ታች አዘንብሎ አገኘችው። ቀና አድርጋ መለሰችው፤ ከዚያ ሰም አሸች።

ክር መጠምጠም እጇ አያውቀውም፤ ዓይኗ ግን ስንት ዘመን ሲያየው ኖሯል። ቀስ እያለች ሁለተኛውን ጀመረች። ስፋቱ እንዳይለያይባት የላክሙን በግራ እጇ ይዛ፣ እያስተያየች፣ ሳታስቀምጠው ቆየች። የተሠራ ሰም በእጅ ተይዞ እንደማይቆይ የሰፈሩን ልጆች ስትቆጣ የኖረችው እሷ ነች። መልሳ ስታየው የላክሙ ጣት ምልክት በነበረበት ላይ የገዛ ጣቷ ምልክት ታትሟል።

የምትሳሳለት ምልክት ጠፍቷል። ከዚያ ጭቃውን አቡክታ ሁለቱንም ለበጠቻቸው።

ናሱ ፈሶ ከቀዘቀዘ በኋላ ጋሲያ ጭቃውን ሰብሮ አልቦዎቹን በአሸዋ ፈተጋቸው።

"የትኛው ነው የእሱ?"

ሱክዳይ ሁለቱንም አገላበጠች። የጎበጠውን፣ የሳሳውን ፈለገች። የእሷ ሥራ አንሶ እንዲገኝ ስትመኝ እንደነበር ያወቀችው ያኔ ነው። አንሶ ቢሆን ቢያንስ የእሱ እጅ መጉደሉ በታየ ነበር።

"አልለየሁትም" አለችው።

"እንዴት ይለያል?" አለ ጋሲያ ደስ ብሎት። "ክሩንም የምታወጪው አንቺ፣ የምትጠመጥሚውም አንቺ! እትዬ፣ ከእንግዲህ ማንም አያስፈልግሽም።"

ለማመስገን ብሎ ነው። እሷም ክፉ እንዳልተናገረ ታውቃለች።

"ውሰድላት" አለችው፤ "ሳይመሽብህ።"

እሱ ሲወጣ ገንቦውን አንስታ ውሃውን ደጅ ደፋችው።