ካርታው ላይ የሌለው ጠረጴዛ

ሸርሜይን ትንሽ ልጅ ሳለች አንድ ቀን ዳቦ ቤት ዘው ብላ ገብታ ዳቦ ጠየቀች። እናቷ ኢዶራ እጇን ይዛ አስወጣቻትና ደጃፉ ላይ አቁማ፣ «በይ እንደገና ግቢ» አለቻት። ልጅቷ ገብታ አንገቷን እንደደፋች «እንደምን አደራችሁ» ብላ አጉረመረመች። አሁንም አስወጣቻት። በሦስተኛው ቀና ብላ ስትናገር ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ባንድ አፍ «እንደምን አደርሽ» አላት፤ ዳቦውም ተሰጣት። በካሪቢያን ባሕር ባለችው ደሴታችን፣ ሴንት ቶማስ ላይ፣ ይህን ሳይማር ያደገ ልጅ የለም። ታክሲ ስትሳፈር፣ ባንክ ስትገባ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ስትይዝ የእግዜር ሰላምታ ይቀድማል፤ ጉዳይህ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሰላም ሳይልህ ያለፈ ሰው ወይ ታሟል ወይ ንቆሃል።

ኢዶራ የጨርቅ አሻንጉሊት ነው የምትሸጥ። ከአሮጌው ምሽግ አጠገብ፣ ነጋዴው ድንኳን ጥሎ በሚውልበት አደባባይ፣ አንዲት ጠረጴዛ አለቻት። አሻንጉሊቶቿ ሻሽ ያሰሩ፣ ሰፊ ቀሚስ የለበሱ፣ የድሮ የገበያ ሴቶች ናቸው። ዓይናቸውን መጨረሻ ላይ ትሰፋላቸዋለች፤ ቀድሞ ዓይን የተሰፋላት አሻንጉሊት ገና ሳታልቅ የቤቴን ገመና ታያለች ትላለች፤ ቀልዷ ይሁን እውነቷ እስከዛሬ አልገባንም። አገር ጎብኚ ከሚያመላልሰው የሽርሽር መርከብ የወረደ እንግዳ ደግሞ አሻንጉሊቷን ብድግ አድርጎ «ስንት ነው?» ነው የሚል። ያኔ ኢዶራ መርፌዋን ታስቀምጥና ቀና ብላ እያየችው «እንደምን አደሩ» ብላ ትጠብቃለች። አንዳንዱ አፍሮ ይመልሳል፣ ይስቃል፣ ይገዛል። አንዳንዱ ግራ ገብቶት ጥሎ ይሄዳል። ጎረቤቷ ግሌንቪል፣ ያ ከነቴራ የሚሸጠው ነገረኛ፣ «ሚስ ኢዶራ፣ አንቺ እኮ ጠረጴዛ ሳይሆን ትምህርት ቤት ነው የከፈትሽው» እያለ ሲያበሽቃት ይውላል።

ሸርሜይን አድጋ ዋናው መንገድ ላይ የአልማዝ ጌጥ መሸጫ ቤት ተቀጠረች። ምላሷ ማር ነው፤ ቀለበት ሊያይ የገባውን ሐብል አስገዝታ ትሸኘዋለች። ይህን ያዩ ሰዎች መርከብ ላይ ወሰዷት። ሥራው የገበያ መካሪነት ነው። መርከቡ ወደብ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው አዳራሽ ውስጥ ትቆምና ምን ከየት እንደሚገዛ ለመንገደኛው ትነግራለች፤ በማግስቱ ካርታ እያደለች ታወርዳቸዋለች። ካርታው ላይ ኮከብ ያለባቸው ሱቆች አሉ። እነዚህ የተመሰከረላቸው ናቸው፣ ዋስትና አላቸው ይባላል። ከተማው ሁሉ እንደሚያውቀው ግን ኮከብ ያለበት ሱቅ ማለት ለኮከቡ የከፈለ ሱቅ ማለት ነው። አንዳንዶቹማ የመርከቡ ወራት አልፎ ወደቡ ጭር ሲል በራቸውን ቆልፈው አላስካ ድረስ መርከቡን ተከትለው ይሄዳሉ። ለእኛ ሰላምታቸውም አይተርፍ። መንገደኛው ግን በነጻ የሚሰጥ የቆርቆሮ አምባር አለ ሲባል ካርታውን ጨብጦ በፀሐይ ይሰለፋል፤ እድሜ ዘመኑን አምባር አይቶ የማያውቅ ነው የሚመስልህ።

ሸርሜይን ለመሳፈር በተነሳችበት ሰሞን ኢዶራ ጠረጴዛዋን ለመንግሥት ልትመልስ ወስና ነበር። ጉልበቷ ደክሟል፣ ገበያውም ቀዝቅዟል። ያለፈው አውሎ ነፋስ የገነጠለው የቤቷ ጣሪያ ገና ሸራ ለብሶ ነው ያለው፤ ለእሱ የምትሆን ጥቂት ገንዘብ አጠራቅማለች። ሠርቼው አርፌ እቀመጣለሁ አለች። ሸርሜይን ግን አይሆንም አለች።

«እማዬ፣ ተይ፤ አሁን እኮ እኔ እላይ ነኝ» አለቻት። «አዳራሽ ቆሜ ስምሽን እጠራለሁ። መርከቡን በሙሉ ነው የምልክልሽ።»

ግሌንቪል ሰምቶ፣ «ላም አለኝ በሰማይ!» ብሎ ሳቀ። ኢዶራ ግን አልሳቀችም። ልጇ ናት፤ ልጇ ደግሞ ዋሽታት አታውቅም። የንግድ ፈቃዷን አሳደሰች። የጣሪያውን ገንዘብ ጨርቅ ገዛችበት። ወደቡ ጭር ባለበት ወራት ሁሉ የጠጅ ሳር ሻይዋን አጠገቧ አድርጋ ስትሰፋ ከረመች፤ ዝናብ ሲመጣ ከሸራው ሥር ጨርቁን እየሸሸገች።

ሸርሜይን ደግሞ እውነት ጠየቀች፤ ይህን እንኳ አንካዳት። የበላይዋ ትሬቨር የሚባል ፍሎሪዳዊ ነው፣ ሲናገር ትከሻህን መታ መታ የሚያደርግ ዓይነት። ነገሩን ሰምቶ ሳቀ፣ ደስ የሚል እናት አለችሽ አላት፣ ከዚያ ለኮከቧ ትከፍላለች ወይ ብሎ ጠየቃት። አትከፍልም። እንግዲያው ስሟ አይነሳም። ያልከፈለን ሱቅ የሚያመሰግን መካሪ በሚቀጥለው ወደብ ሻንጣውን ይዞ ይወርዳል፤ ከሷ በፊት የወረደ ሰው እንዳለም ነገራት። ሸርሜይን በልቧ ረገመችው፤ በአፏ አመሰገነችው።

ለእናቷ ይህን መንገር ነበረባት። አንድ ስልክ ነው። ደወለችም። ኢዶራ ግን ስልኩን ከማንሳቷ ዛሬ ቢጫ ሻሽ ሰፋሁ፣ ዛሬ ለቀሚሶቹ ጥልፍ አወጣሁ፣ አልጋዬ እንኳ አሻንጉሊት ሞልቶበት እኔ ወንበር ላይ ማደሬ ነው እያለች ስትስቅ ልጅቷም አብራት ሳቀች። ነገ እነግራታለሁ አለች። ነገም ነገን ወለደ። ያ ቀለበት ሊያይ ለመጣ ሐብል የሚሸጥ አፍ ለገዛ እናቱ አንዲት እውነት አጣ።

የመርከቡ ወራት ገባና የሸርሜይን መርከብ ወደባችን ላይ ቆመ። ኢዶራ በጠዋት የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ መጣች። ጠረጴዛው አልበቃ ብሎ መሬት ላይ አንሶላ ዘርግታ አሻንጉሊቶቿን ደረደረች። ግሌንቪል ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ፊቷን ሲያይ ተወው። ሰዉ ከወደብ በታክሲ እየመጣ፣ ካርታውን ፊቱ ላይ ዘርግቶ፣ በድንኳናችን መካከል አልፎ ወደ ዋናው መንገድ ይተማል። ወደ ጎን የሚያይ የለም። ኢዶራ ገና ናቸው እያለች ትጠብቃለች።

አንዲት ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ አሮጊት ግን ቆሙ። ቆሙና ማንም ሳያስተምራቸው «እንደምን አደሩ» አሉ። ኢዶራ ደስ አላት። ሁለቱ ሴቶች ስለ ልጅ ልጅ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ሲያወሩ ቆዩ። አሮጊቷ ቢጫ ሻሽ ያሰረችውን አሻንጉሊት አንስተው ደረታቸው ላይ አስጠጉ። በዚህ መሐል ሸርሜይን የሱቅ ምልክት ያለበትን ዘንግ ከፍ አድርጋ ሰዎቿን እየመራች መጣች፤ ትሬቨር ከጎኗ ነው። እናቷ የት እንደምትቀመጥ ታውቃለች፤ በሌላ በኩል ልትዞርም አስባ ነበር። ትሬቨር ግን አጭሩን መንገድ ነው የመረጠ።

«ሸርሜይን!» አሉ አሮጊቷ። «ትናንት ከካርታው ውጪ አትግዙ ብለሽን ነበር። ይቺን ልውሰዳት?»

ኢዶራ ቀና አለች። ፈገግታዋ ለገዢ የምታሳየው አልነበረም፤ ሲጠብቅ ከርሞ የመጣለት ሰው ፈገግታ ነበር። ሸርሜይን ያን ፈገግታ አየች፤ የትሬቨርን ዓይንም አየች።

«እመቤቴ፣ ካርታው ላይ የሌለ ዕቃ ዋስትና የለውም» አለች።

«እጅ ሥራዬ ነው ብለውኛል። እውነት አይደለም?»

እዚህ ላይ ዝም ብትል ምን ነበረበት? ዝም ማለት ትችል ነበር። ግን አዳራሽ ውስጥ ሺህ ጊዜ ያለችው ነገር ነበርና ምላሷ ራሱ ተናገረው፤ «እዚህ አደባባይ ላይ ያለው ብዙው ከፋብሪካ የመጣ ነው። የቱ የማን እንደሆነ እኔ አላውቅም።»

አሮጊቷ አፈሩ። አሻንጉሊቷን ቀስ አድርገው ወደ ቦታዋ መለሱና ይቅርታ ብለው ሰልፉን ተቀላቀሉ። ሸርሜይን ዘንጓን ከፍ አድርጋ መራመድ ጀመረች። ያኔ ነው ኢዶራ ከኋላዋ የተናገረችው። አልጮኸችም፤ ለሰፈር ሰው እንደሚባለው አድርጋ ነው ያለችው።

«ሸርሜይን፣ እንደምን አደርሽ።»

ሸርሜይን ሰማች። ግሌንቪል መስማቷን ባንገቷ አውቄያለሁ ይላል፤ ጅማቷ ተገትሮ ነበር። እግሯ ግን አልቆመም፣ አፏም አልመለሰም። ከተማችን ጌታ በሌለው አውራ ዶሮ የተሞላ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል፤ ያን ሰዓት ግን አንድም አልጮኸም። ቢጮህ ምናልባት ዘወር ትል ነበር።

ሰው ሁሉ ኢዶራ ስለ አሻንጉሊቶቹ የምትከፋ መስሎት ነበር። እሷ ግን ስለ አሻንጉሊቶቹ አንድ ቃል አልወጣትም። ግሌንቪል ኮካ ገዝቶ አጠገቧ ቢቀመጥ፣ «ዕቃዬን አላውቅም ትበል፤ እንጀራዋ ነው። ሰላምታዬን መንገድ ላይ ጥላው ሄደች» ብቻ አለችው። ከዚያ ወዲያ ስለ ልጇ ማንም ሲያነሳ ወሬ ትቀይራለች። ስልክ ስትደውል አታነሳም። መርከቡ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል፣ ሸርሜይንም በሌላኛው በኩል እየዞረች ወደ ዋናው መንገድ ትወጣለች። ለራሷ የምትነግረው ነገር አላጣችም፤ ሥራ ነው፣ ትሬቨር አጠገቤ ነበር፣ እማዬ እኮ ይገባታል፣ ጣሪያውን እኔ አሠራላታለሁ። ጣሪያው ግን ያን ዓመትም ሸራውን እንደለበሰ ቀረ። አሻንጉሊቶቹም አልጋው ላይ ቀሩ፤ ሸራው ሲያፈስ ከሥር የነበሩት ሻግተው ተጣሉ።

የመርከቡ ወራት ሊያበቃ ሲል ትሬቨር የሸርሜይንን ትከሻ መታ መታ አደረገና አመስግኖ አሰናበታት። በሷ ቦታ ሌላ ልጅ መጥታለች፤ ከሷ የምታንስ፣ ከሷ የበለጠ የምትስቅ። ሸርሜይን ወደባችን ላይ ሻንጣዋን ይዛ ወረደች። እውነቱን ለመናገር ስታለቅስ የነበረው ለሥራው አልነበረም። አሁን የሚከለክለኝ የለም እያለች ነበር የምትራመደው፤ እግሯ ላይ እወድቃለሁ፣ ሁሉን እነግራታለሁ፣ እናት ናት። መርከቡ ላይ ተሰናድታ ያልተናገረችውን ሁሉ በመንገድ ላይ አሰናዳች። አሻንጉሊት የሞላበት ጠረጴዛ ፊት ስትደርስ ላቧና እንባዋ ተደባልቆ ነበር። ያ ሳምንት ኢዶራ ጠረጴዛውን የምታስረክብበት ሳምንት ነው።

«እማዬ ስሚኝ፣ አባረሩኝ፣ ያን ቀን እኮ ሰውየው አጠገቤ...»

ኢዶራ መርፌዋን አስቀመጠች። ቀና ብላ አየቻትና፣ «እንደምን ዋሉ» አለች። ከዚያ ጠበቀች።

ሸርሜይን ክው አለች። ሁለት ጊዜ ከዳቦ ቤት የተመለሰች ልጅ፣ በዚህ ሁሉ መንገድ ስንት ቃል ስታሰናዳ መጥታ፣ የመጀመሪያውን ቃል ረስታው ኖሯል። «እንደምን ዋልሽ፣ እማዬ» አለች።

«ስጦታ ፈልገው ከሆነ እዚህ ባይደክሙ ይሻላል» አለች ኢዶራ፣ ለእንግዳ በምትናገርበት ለስላሳ ድምፅ። «እኔ ካርታው ላይ የለሁም። ዋስትናም የለኝም። በዚህ ቀጥ ብለው ሲሄዱ ኮከብ ያላቸው ሱቆች አሉ፤ አምባርም በነጻ ይሰጣሉ።» በጣቷ ወደ ዋናው መንገድ ጠቆመቻት።

ግሌንቪል፣ በሰው ቀብር ላይ እንኳ ቀልድ የማያጣው ሰውዬ፣ ጎንበስ ብሎ ያጠፈውን ከነቴራ እንደገና ማጠፍ ያዘ። ሸርሜይን ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። እማዬ ትስቅ ይሆናል፣ ትሰድበኝ ይሆናል ብላ ጠበቀች። ስድብ ቢሆንማ በስንት ጣዕሙ።

በዚህ መሐል ከመርከብ የወረደች አንዲት ወጣት፣ ፀሐይ ፊቷን ያቀላት፣ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብላ እንደ ማፈር እያለች፣ «እንደምን ዋሉ» አለች።

«እንደምን ዋልሽ የኔ ልጅ» አለች ኢዶራ። «ነይ፣ ግቢ ከጥላው።»

ሸርሜይን ከወደብ ድረስ እየሮጠች የመጣችው ይህን ቃል ለመስማት ነበር። ሰማችው። ከዚያ ሻንጣዋን አንስታ እናቷ በጠቆመቻት በኩል ሄደች።