ቂብላን ያሰረ መልህቅ

ከሥራ ወጥቼ ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር በኩል ወደ መኪናዬ ስሄድ፣ አንድ ቢሮ ፊት ለፊት የቆመውን የባንዲራ ምሰሶ ነፋስ በገመዱ እየመታ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያሰኘዋል። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እግሬ ቀጥ ይላል፣ አፌን ጨው ጨው ይለዋል፣ ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴትዮ መንገድ መሐል ቆሜ የዐሥር ዓመት ልጅ እሆናለሁ። ሌላው ሰው ገመድ ነው ብሎ ያልፋል፤ እኔ ግን የጀልባ ሸራ ምሰሶ እንዲህ ሲንኳኳ እየሰማሁ ነው ያደግሁት፣ ያውም ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከቅመም ሱቅ ጀርባ፣ ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ ካዛጋ አየር በሚያልቅባት አፓርታማ ውስጥ እየኖርኩ።

ጀልባዋ የእኛ አልነበረችም። አባዬ ከደሴ መጥቶ ብዙ ዓመት ታክሲ ከነዳ በኋላ፣ ባሕሩ ዳር የጀልባ ማቆሚያ ውስጥ አጣቢ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር፤ ከሚያጥባቸውም አንዷ የአንድ ሚስተር ሃል የሚባሉ ሽማግሌ የሸራ ጀልባ ነበረች። ሰውዬው ጉልበታቸው ስለከዳቸው ወንበር ይዘው ዳር ላይ ይቀመጡና፣ በከዘራቸው እየጠቆሙ አባዬን ሸራ መወጠርና መሪ መያዝ ያስተምሩት ነበር። «ሰይድ፣ ቆሞ የሚውል ጀልባ ይታመማል» ብለው በየዓመቱ ኦገስት ላይ ለአንድ ሳምንት ያውሱት ጀመር። ሁለት በጋ እኔና አባዬ ብቻችንን ጠዋት ወጥተን ማታ እየተመለስን አሳልፈናል፤ አባዬ ግን እማዬንም ይዞ ካታሊና ደሴት ድረስ ሄዶ፣ ከደሴቲቱ ጀርባ፣ ባሕሩ በገደል መሐል ገብቶ ጸጥ የሚልባቸውንና ሰው የማይደርስባቸውን፣ ሚስተር ሃል ያወሩለትን ጥጎች ሊያሳያት ይመኝ ነበር። እነዚያን ጥጎች «ጉያ» ይላቸዋል።

በዝናቡ ወራት ሥራው ቀዝቀዝ ስለሚል፣ አባዬ ቤት ቁጭ ብሎ ቋጠሮ ይለማመድ ነበር። የወንበር እግር፣ የበር እጀታ፣ የእኔ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ሁሉም ታስሮ ይውላል። ቋጠሮው ሲታሰር ያምራል፣ ሲፈታ ግን ጉድ ነው፤ አንዴ ማቀዝቀዣውን አስሮት ለሦስት ቀን ከጎረቤት ስንበላ ከረምን ብል ትንሽ ነው የማጋንነው። እማዬ እያየችው «ሰይዶ፣ አንተ የምታስረውን መላኢካም አይፈታው» ትለው ነበር።

አበባ ሲያብብ አባዬ ደፈር ብሎ አብራን እንድትሄድ ጠየቃት። እማዬ ከታች ያለው ቅመም ሱቅ ውስጥ ትሠራ ነበርና፣ ነገሩ በአንድ ቀን አካባቢውን አዳረሰ። ሱቁ ውስጥ አብራት የምትሠራው እትዬ ዘምዘም ሚዛኑን አስቀምጣ «ከድጃ፣ የወሎ ሰው ግመል ሲጋልብ አይቻለሁ፣ ማዕበል ሲጋልብ ግን ባንቺ ላየው ነው» ብላ ስትስቅባት፣ እማዬ ሳትስቅ በርበሬዋን መዝና ማታ ለአባዬ መልስ ሰጠችው።

«አንድ ጊዜ እመጣለሁ። ሶላቴን በወቅቱ፣ በቂብላው፣ በሰላም ከሰገድኩ ኦኬ። አንዲት ሶላት ብትበላሽብኝ ግን ያንተም የልጅህም ጀልባ ያን ቀን አበቃ።»

አባዬ «ኢንሻአላህ» አለ። እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም፤ በዓለም ላይ ካሉኝ ነገሮች ሁሉ የምወደው ያ ሳምንት ነበርና፣ ያ ሳምንት በእማዬ መስገጃ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

በጋው ደረሰና ተሳፈርን። እማዬ የያዘችው ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ ለኖኅ መርከብ ከነእንስሶቹ ይበቃ ስለነበር፣ ጀልባዋ ሁለት ጣት ያህል ሰጠመች። ቀኑን ሙሉ ተጉዘን የመጀመሪያው ጉያ ውስጥ ስንገባ፣ አባዬ ፊታችን ገደል፣ ከበታቻችን ሣር መሳይ ነገር የሚወዛወዝበት ጥርት ያለ ውኃ አይቶ «እዚህ ፓርክ እናድርግ» ብሎ መልህቁን ጣለ። እማዬ ታጥባ ውዱእ አድርጋ የከሰዓቱን ሶላት፣ ዐስርን፣ ልትሰግድ ቆመች፣ እኔም ኮምፓስ ይዤ የቂብላ፣ የመካ አቅጣጫ፣ ጠባቂ ተባልኩ። ችግሩ እዚያ ጀመረ። ባንድ መልህቅ የታሰረ ጀልባ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እንደ ታሰረ በቅሎ ይዞራል፤ እማዬ ሶላቱን ወደ መካ ጀምራ ሳትጨርስ ፊቷ ወደ ሃዋይ ዞረ። እኔ «እማዬ ወደ ቀኝ፣ እማዬ አሁን ወደ ግራ» እያልኩ አብሬያት ስዞር ቆየሁና ሶላቱን ጨርሳ አሰላመተች። መስገጃዋን እያጠፈች አባዬን አየችው፤ አስተያየቷ ከማዕበል ይከፋ ነበር።

«ይኼኛው እንደ ተበላሸ አይቆጠርብኝ» ሲል ለመናት፣ «ተጓዥ ነን፣ አላህ ያውቃል።»

«ይኼኛው አልተቆጠረብህም» አለችው። «ቀጣዩን እናያለን።»

አባዬ ያን ጊዜ በራሱ ብልሃት የኮራበትን ሥራ ሠራ። ትርፉን መልህቅ ከኋላ በኩል ጥሎ በዚያ በማይፈታ ቋጠሮው አሰረው፤ ጀልባዋ ፊትና ኋላዋ ተይዞ መስገጃው ወደ ገደሉ፣ ማለትም ወደ ቂብላው፣ ተተከለ። የምሽቱ ሶላቶች፣ መግሪብና ዒሻ፣ ቀጥ ብለው ተሰገዱ። እማዬ ሻይ አፍልታ ሰጠችን፣ አንዴ ፈገግ ስትልም አየኋት።

ጎሕ ሲቀድ አባዬ የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂውን፣ ቀድሞ ሰግዶ ጋደም አለ፤ ቦታው ለአንድ መስገጃ ብቻ ስለሚበቃ እማዬ ቀጠለች፣ እኔም ብርድ ልብስ ተከናንቤ ኮምፓሴን ያዝኩ። ነፋስ ከባሕሩ በኩል መንፈስ ጀምሮ ነበር። መርፌዋ ግን ፀጉር ታህል አልተነቃነቀችም፤ እኔም በኩራት ተነፍቼ ሌላ ምንም ሳላይ መርፌዋን አፍጥጬ አያለሁ። አቅጣጫው ልክ ነው። ጀልባዋ ግን ከነአቅጣጫዋ፣ በሣሩ ላይ ተንሸራተው መሬት ያልያዙትን ሁለቱን መልህቆች እየጎተተች ወደ ገደሉ ትሄዳለች።

እማዬ ኋላ እንደነገረችን፣ ገደሉ ላይ ወፎች በኩሳቸው ነጭ ያደረጉት ድንጋይ ነበር። በሱጁድ ከተደፋችበት ቀና ስትል ድንጋዩ ሰፍቶ አየችውና የሰይጣን ጉትጎታ ነው ብላ ቀጠለች። ለሁለተኛው ረከዓ ስትቆም የወፎቹን ዓይን መቁጠር ቻለች። በሕይወቷ ሶላት አቋርጣ የማታውቀው እናቴ አቋረጠች፤ ጎንበስ ብላም አባዬን በእግሩ ያዘችው።

«ሰይዶ፣ ተነሥ። ተራራው መጣ።»

አባዬ ዘሎ ሞተሩን አስነሣ፤ ጀልባዋ ግን ከኋላ ስለታሰረች ፊቷን ወደ ባሕር ማዞር አልቻለችም። ቋጠሮው ላይ ወደቀበት፣ በጥርሱም በጥፍሩም ሞከረ፤ ክረምቱን ሙሉ የተለማመደው ቋጠሮ እንዴት ይፈታ። እማዬ ገፋ አድርጋው የሽንኩርቷን ቢላ አመጣችና ገመዱን በሁለት ምት ቆረጠችው። ጀልባዋ እንደ ተለቀቀች ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረች፣ አባዬም የፊቱን መልህቅ እየሳበ ወደ ክፍቱ ባሕር አወጣን። ፀሐይ ሳትወጣ እማዬ እንደገና ሰገደች፤ የዚያን ጊዜ ወዴት እንደዞረች የጠየቀ የለም።

ሴፕቴምበር ገባ፣ ትምህርት ተጀመረ። አባዬ ለሚስተር ሃል ሁሉን ነግሯቸው መልህቁን ተክቶላቸው ነበር፤ እማዬን ለመጠየቅ ግን ልብ አጣ። እኔም እሷ ባለችበት «ባሕር» የሚል ቃል እንኳ አልናገርም ነበር። አንድ እሑድ እኔና አባዬ አጠገቧ ተቀምጠን ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ቀና ሳትል ራሷ ጀመረችው።

«ሶላቴ አልተበላሸም» አለች። «ነፍስ ለማዳን ይቋረጣል፣ ደገምኩት፣ አለቀ። የተበላሸው ያንተ አስተሳሰር ነው። ሶ፣ በሚቀጥለው ዓመት መልህቁን የምጥለው እኔ ነኝ፣ የምነቃውም እኔ ነኝ።»

አባዬ ተነሥቶ ሽንኩርቱን ተቀብሏት መክተፍ ጀመረ፣ ዓይኑ የሚያነባው በሽንኩርቱ ይመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ በጋ ሄድን። አሁን ሚስተር ሃል የሉም፣ ጀልባዋ ተሸጣለች፣ እማዬና አባዬም በመኪና ባሕሩ ዳር ድረስ ብቻ ነው የሚሸኙን። እኔ ጀልባ ተከራይቼ ልጆቼን ይዤ እነዚያው ጥጎች ውስጥ አድራለሁ። ስልኬ ቂብላውንም ነፋሱንም ይነግረኛል፣ ጀልባዋ ከቦታዋ ፈቀቅ ካለችም ይጮኻል፤ ልጆቼም «ማሚ፣ አላርም አለው እኮ፣ ተኚ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ስልኩ ተሳስቶ አያውቅም። እኔ ግን ጎሕ ሳይቀድ ነቅቼ ገደሉን ሳይ ይነጋል። በእነዚያ ዘጠኝ በጋዎች፣ እማዬ ነቅታ ከበላዬ ቆማ ስትሰግድ፣ ኮምፓሱ ከእጄ ወድቆ እተኛው የነበረውን እንቅልፍ ግን ልጆቼ ሲተኙት አያለሁ።